«ኤምዲኤፍ ነው» ሲሏችሁ፦ የአዲስ አበባ ቁም ሳጥንና ኤል ሶፋ ሲፈተሽ

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ስለ ቁም ሳጥን ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ኤምዲኤፍ ነው»። ቀለሙን ስትጠይቁ «ዋልነት»፣ «ዌንጌ»፣ «ቼሪ» ትባላላችሁ። ወደ ሶፋው ስታልፉ ደግሞ «ሃርድ ስፖንጅ ነው»፣ «ሌዘር ነው» ይቀጥላል። እነዚህ ቃላት የሚናገሩት ስለ ዕቃው ፊት ነው። ዕቃው ሦስት ዓመት ይቆይ ወይስ አሥራ አምስት የሚወስነው ግን ሆዱ ነው፤ ስለ ሆዱ ደግሞ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። ከዚህ በታች በየሱቁ በብዛት የሚሸጡትን ሁለት ዕቃዎች፣ የቦርድ ቁም ሳጥንንና ኤል ሶፋን፣ ከነስማቸው እንፈትሻለን። ሌላውን በመንገዳችን እንነካካዋለን።

ቦርዱ

ገበያው «ኤምዲኤፍ» የሚለው ፊቱ የተለበጠ የፋብሪካ ቦርድን ሁሉ ነው። በዚህ ስም ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ግን ቺፑድ ነው። ቺፑድ ማለት የእንጨት ፍንካች በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የተሠራ ቦርድ ነው። የማይጨው ፋብሪካ ከባሕር ዛፍ ለማምረት የተቋቋመው ይህንኑ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ እንጨቱ እስከ ቃጫው ድረስ ተፍታቶ የተጨመቀ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሲቆረጥ ነው፦ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ፣ ልስልስና ቡናማ ነው፤ የቺፑድ ጠርዝ ግን መሃሉ ላይ ፍርፋሪና ትናንሽ ክፍተት ያሳያል። ሦስተኛው ኮምፔርሳቶ ነው። ከግንድ ላይ እየተላጠ የወጣ ስስ እንጨት አንዱ በቁም አንዱ በአግድም እየተደራረበ የተጣበቀ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ድርብርቡ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ይቆጠራል።

ሱቅ ውስጥ የቆመ ቁም ሳጥን ጠርዙ ስለተሸፈነ ይህን እንዴት ታያላችሁ? ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው የመደርደሪያ መደገፊያ የሚገባባቸው 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ናቸው። የስልክ መብራት አብሩና ውስጣቸውን ተመልከቱ፤ ግድግዳው ልስልስ ከሆነ ኤምዲኤፍ፣ የተቦጫጨቀ ከሆነ ቺፑድ ነው። ሁለተኛው የበሩ የላይኛው ጠርዝ ነው። ዓይን ስለማይደርስበት ብዙ ሠሪ ሳይሸፍነው ይተወዋል፤ እጃችሁን አሳልፉበት። ሦስተኛው ወለሉን የሚነካው የጎን ቦርድ ግርጌ ነው። ለዚህ ሻጩ ዕቃውን በትንሹ እንዲያዘነብለው ጠይቁ።

ቺፑድ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ቺፑድ ለቁም ሳጥን ጎንና መደርደሪያ ይበቃል። ጥፋቱ ቺፑዱ በኤምዲኤፍ ዋጋ ሲሸጥ፣ ወይም ቺፑድ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ሲሰጠው ነው። በር ላይ ቅርጽ ተፈልፍሎ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ኤምዲኤፍ የግድ ነው፤ ቺፑድ ሲፈለፈል ይፈረፈራል። የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ሥር ለሚቆም ካቢኔ ደግሞ ከሁለቱም ኮምፔርሳቶ ይሻላል። አረንጓዴ ኤምዲኤፍ የሚባለው እርጥበትን የሚቋቋም ነው፤ አረንጓዴው ቀለም ከሌላው እንዲለይ የተጨመረ እንጂ ራሱ ውኃ አይከለክልም። እርጥበትን ይቋቋማል ማለትም ውኃ ውስጥ ይቆማል ማለት አይደለም።

አንድ ሙሉ ቦርድ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ኤምዲኤፉ 39 ኪሎ አካባቢ፣ ቺፑዱ 35 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ኮምፔርሳቶ እንደ እንጨቱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ይቀላል። ስለዚህ «ከባድ ስለሆነ ጠንካራ ነው» የሚለው አነጋገር ለቦርድ አይሠራም። ከሦስቱ ቀላሉ፣ ኮምፔርሳቶው፣ ብሎን አጥብቆ የሚይዘውም ነው።

ቀለሞቹ? «ቼሪ» ሲሏችሁ የቼሪ እንጨት ማለት አይደለም። የቼሪ እንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ሜላሚን በሚባል ሙጫ ተነክሮ ቦርዱ ላይ በሙቀት ተጭኗል ማለት ነው። ሜላሚን ጭረትና ትኩስ ስኒ በደንብ ይችላል፤ ለዕለት አገልግሎት ከብዙ ቀለም ይበልጣል። እውነተኛ እንጨት በስሱ ተሰንጥቆ የተለበጠበት ደግሞ ቪኔር ይባላል፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፣ ዋጋው ግን በጣም ይለያል። ሁለቱን ለመለየት የእንጨቱን መስመር ተከተሉ። አንድ ዓይነት ጉጥ ሁለት በር ላይ በአንድ ዓይነት መልክ ከተደገመ ህትመት ነው፤ ተፈጥሮ አትደግምም።

ጠንካራ እንጨት ማለትም ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባ የተባለ እንደሆነ የቦርዱን ጠርዝ እዩ። ከላይ የሚታየው መስመር በጠርዙ ዞሮ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ የቦርዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የዛፉ የዕድሜ ቀለበት ቁራጭ ይታያል። እነዚህ ዛፎች የተመናመኑ ስለሆኑ ከመንግሥት ደን መቁረጣቸው በሕግ ተከልክሏል፤ እንጨቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ግን ድርቀቱ ነው። እርጥብ ዋንዛ በክረምት ተሠርቶ በጋ ሲመጣ በርዝመቱ ሳይሆን በጎኑ ይኮማተራል። የበሩ መሃል ሰሌዳ ዙሪያውን በኮላ ተጣብቆ ከሆነ መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። ጎበዝ አናጺ ሰሌዳውን በቦይ ውስጥ ያስቀምጠዋል እንጂ አያጣብቀውም። በሩ ላይ ሰሌዳውን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ትንሽ ከተነቃነቀ እንከን አይደለም፤ የሙያ ምልክት ነው።

ስለ ሽታ አንድ ነገር። አዲስ ቁም ሳጥን ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ ቦርዱ ከተጣበቀበት ሙጫ የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ይህን ንጥረ ነገር ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ቦርዱ ላይ ወይም ሰነዱ ላይ «ኢ1» የሚል ምድብ ካለ ልቀቱ በአውሮፓ መለኪያ የተገደበ ነው። ምድቡ ካልታወቀ ቢያንስ ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ መሳቢያና በሩ ተከፍቶ፣ መስኮትም ተከፍቶ ለሳምንታት ይናፈስ። የሕፃናት መኝታ ቤት የሚገባ ከሆነ ያልተሸፈኑትን ጠርዞች አሸፍኑ፤ ሽታው በብዛት የሚወጣው ከዚያ ነው።

ቁም ሳጥኑ

በየሱቁ የሚታየው ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ዋነኛ ድክመቱ ጥልቀቱ ነው። ልብስ የተሰቀለበት መስቀያ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከነልብሱ 50 ይደርሳል። ቦርድ ለመቆጠብ በ50 ሳንቲ ሜትር የውጭ ጥልቀት የሚሠራ ቁም ሳጥን በሩ ሲዘጋ የኮቱን ትከሻ ይጫናል። ከ55 እስከ 60 ያለውን ፈልጉ። ቁመቱንም በልብሳችሁ ለኩ፦ ለሸሚዝና ለአጭር ኮት ከዘንጉ በታች 100 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለሐበሻ ቀሚስ ግን ከ140 እስከ 150 ያስፈልጋል። ብዙው ዝግጁ ቁም ሳጥን ይህን አይሰጥም፤ ጥበቡ መሳቢያው ላይ ታጥፎ ይቀመጣል።

መደርደሪያው የሚጎብጠው ለምንድን ነው? የጉብጠቱ መጠን ከርዝመቱ ጋር በፍጥነት ስለሚያድግ ነው። እኩል የተደረደረ ጭነት ያለበት መደርደሪያ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን ከ16 ወደ 18 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ጉብጠቱን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀላል ነገር የማይሆነው ለዚህ ነው። ለቺፑድ መደርደሪያ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ወሰን ነው። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ መሃሉ ላይ ድጋፍ ከሌለው ብርድ ልብስና ጋቢ ተደራርቦበት ዓመት ሳይሞላው ይጎብጣል፤ አንዴ የጎበጠ ቺፑድ ደግሞ ተገልብጦም በደንብ አይቃናም።

ጀርባው ላይ የተመታችው 3 ሚሊ ሜትር ስስ ቦርድ መሸፈኛ ብቻ ትመስላለች። ሳጥኑን አራት ማዕዘን አድርጋ የምትይዘው ግን እሷ ናት። ሚስማሯ በ10 ወይም በ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መመታት ሲገባው በ30 ከተመታ ሳጥኑ ወደ ጎን ይንሻፈፋል፣ በሮቹም እርስ በርስ መጋጨት ይጀምራሉ። የላይኛውን ማዕዘን በአንድ እጅ ወደ ጎን ገፋ አድርጉ። የበሮቹ የላይ ጫፍ እኩል መሆኑ ቀርቶ አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ጀርባው ደካማ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሳታዩ ልታልፉት ትችላላችሁ።

የበር ማጠፊያ ብዛት በበሩ ቁመት ይወሰናል፦ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ሁለት፣ እስከ 160 ሦስት፣ እስከ 200 አራት፣ ከዚያ በላይ አምስት። የሁለት ሜትር በር በሦስት ማጠፊያ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ክብደቱ የላይኛውን ማጠፊያ እየጎተተ ብሎኑን ከቺፑዱ ይነቅለዋል። በሩ ዝቅ ካለ ወይም ከጎረቤቱ ከተጋጨ አናጺ ከመጥራታችሁ በፊት ማጠፊያው ላይ ያሉትን ብሎኖች እዩ። ወደ በሩ የሚቀርበው በሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል፤ ከኋላ ያለው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ። ግማሽ ዙር እያዞራችሁ ሞክሩ። ብሎኑ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል። ወፍራም ብሎን መጨመር የባሰ ያፈርሰዋል። መፍትሔው ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አጽድቶ በኮላ የተነከረ ክብ እንጨት መክተት፣ አንድ ቀን ማድረቅና ብሎኑን በአዲስ ቀጭን ቀዳዳ እንደገና ማሰር ነው።

ይህ በተለይ ለተከራይ ዋና ጉዳይ ነው። የቺፑድ ቁም ሳጥን በተፈታና በተገጠመ ቁጥር ብሎኑ የሚይዘው ፍርፋሪ ይቀንሳል። ቤት የምትቀያይሩ ከሆነ ብሎኑ በቀጥታ ቦርዱን የሚበላ ሳይሆን ቦርዱ ውስጥ የተቀበረ የብረት መቀበያ ያለውን ምረጡ።

መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቡና ጫፉን በቀስታ ወደ ታች ጫን አድርጉ። በኩሽኔታ የሚሄድ ሐዲድ ከሆነ ጸጥ ብሎ ይመጣል፣ ብዙም አይዘነብልም። እንጨት በእንጨት ወይም በትንሽ የፕላስቲክ ጎማ የሚሄድ ከሆነ ሲሞላ ይንገጫገጫል። ወለሉንም ገልብጣችሁ እዩ፤ 3 ሚሊ ሜትር ቦርድ በሚስማር ከሥር የተመታ ከሆነ ክብደቱ ሚስማሩን ወደ ታች ይነቅለዋል። በዙሪያው ቦይ ወጥቶለት የገባ ግን አይወድቅም።

ለዚህ ዕቃ ትልቁ ጠላት የኛው የወለል ማጽጃ ነው። ወለል በውኃ በምንወለውልበት ቤት የቁም ሳጥኑ ግርጌ በየቀኑ ይርሳል። ሲመረት የተጨመቀው ፍንካች ውኃ ሲያገኝ ግፊቱን ጥሎ ያብጣል፤ ሲደርቅ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሜላሚኑ ከሥር እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት መፋቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት ግርጌው በፕላስቲክ ጠርዝ መሸፈኑን፣ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ እግር እንዳለው አረጋግጡ። ከሌለው አራት የፕላስቲክ እግር ጨምሩበት፤ ለዚህ ዕቃ ከምታወጡት ወጪ ሁሉ ትንሹና ጠቃሚው ይህ ነው።

ኤል ሶፋው

«ሃርድ ስፖንጅ» ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። ጥንካሬና እፍጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እፍጋት ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ለመቀመጫ ከ28 እስከ 35፣ ለመደገፊያ ከ18 እስከ 22 ያለው ይስማማል። 18 የሆነ ስፖንጅ መቀመጫ ላይ ከገባ ሱቅ ውስጥ ስትቀመጡበት ምቹ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሰው የሚያዘወትርበት ቦታ ይጎደጉዳል።

ይህ በሚዛን ይረጋገጣል። የመቀመጫውን ዚፕ ከፍታችሁ ስፖንጁን አውጡ። ወርድ፣ ርዝመትና ውፍረቱን በሜትር አባዙ፤ ከዚያ በእፍጋቱ አባዙ። 60 በ60 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ 0.0432 ሜትር ኩብ ነው። እፍጋቱ 30 ከሆነ 1.3 ኪሎ ይመዝናል፤ 18 ከሆነ 800 ግራም አይሞላም። በእጅ እንኳ ይለያል። ልብ ልትሉት የሚገባው አንድ ማታለያ ግን አለ፦ ርካሽ ስፖንጅ ውስጥ ዱቄት ተጨምሮ ሊከብድ ይችላል። ማዕዘኑን በጣቶቻችሁ መካከል እሹት፤ ዱቄት ከለቀቀ ወይም ከተፈረፈረ ሚዛኑን አትመኑ። ዚፕ የሌለው፣ የተሰፋ መቀመጫ ያለው ሶፋ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ሲቆሽሽም አይወልቅም። እኛ ዚፕ የሌለውን አንመክርም።

አጽሙ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተመታ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ሶፋ ከስድስት ወር በኋላ ሲንቋቋ የምትሰሙት ድምፅ ይሄው ነው። ማዕዘኑ በኮላና በብሎን ታስሮ፣ ውስጡ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ የገባለት አይንቋቋም። ለመፈተሽ የፊተኛውን አንድ እግር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሱ። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ከተነሳ አጽሙ ጥብቅ ነው፤ ወለሉ ላይ ከቀረ ሶፋው እየተጠመዘዘ ነው። ከሥሩ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ዳበስ አድርጉ፦ የላስቲክ ቀበቶ በአግድምና በቁም ተጠላልፎ ካገኛችሁ ደህና ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሰፋፊ ክፍተት እየተወ የተወጠረ ከሆነ ስፖንጁ በመካከሉ ይወርዳል።

«ሌዘር» ከሚባለው አብዛኛው ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። ጀርባው ሽመና ካሳየ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቃጫው እንደ ሱፍ የተመሰቃቀለ ከሆነ ቆዳ ነው። ሰው ሠራሹ ከአየር እርጥበት፣ ከላብና ከፀጉር ቅባት የተነሳ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ የሚላጠውም ጭንቅላትና ክርን የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከተላጠ መጠገኛ የለውም። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ጨርቅ ይሻላል። ለጨርቅ የሚጠየቀው የመፈተግ ቁጥሩ፣ ማለትም ሳይበላ ስንት ጊዜ መፈተግ እንደሚችል ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ከ20,000 በላይ ከሆነ ልጆች የሚዘሉበትን ሶፋ ይችላል።

«ኤሉ በቀኝ» ከማለታችሁ በፊት ቀኙ የማን ቀኝ እንደሆነ ተስማሙ። አንዱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ሌላው ፊት ለፊቱ ቆሞ። በዚህ ምክንያት ተገልብጦ የሚሠራ ሶፋ ጥቂት አይደለም። ክፍሉን ከላይ እንደሚታይ በወረቀት ሥሉና መስኮቱንና በሩን ምልክት አድርጉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ሦስት ነገር ለኩ፦ የበሩን ወርድ፣ የደረጃውን መታጠፊያ ስፋት፣ ከደረጃው በላይ ያለውን ከፍታ። ሶፋው በሁለት ቁራጭ መጥቶ ውስጥ በብረት ማያያዣ የሚገጥም መሆን አለበት፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በር ላይ የቀረ ዕቃ ብዙ ነው።

ቀሪው ቃል

የኮሞዲኖ ቁመት ከፍራሹ ከፍታ ጋር እኩል ወይም በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ተኝቶ ውኃ ማንሳት ይከብዳል። ኮንሶል ለመተላለፊያ የሚሆን ጠባብ ጠረጴዛ ነው፣ ጥልቀቱ ከ30 እስከ 40፤ ብፌ ደግሞ ዕቃ የሚከተትበት ስለሆነ 45 አካባቢ ያስፈልገዋል። ኮርኒስ በጣሊያንኛ የጠርዝ ጌጥ ወይም ክፈፍ ነው፤ እኛ ጋ ሙሉ ጣሪያውን ስለያዘ ሠራተኛ ስታዋውሉ «ዙሪያውን ብቻ» ወይም «ሙሉውን» ብላችሁ ለዩ፤ የካሬ ሜትር ሂሳቡ ፈጽሞ የተለያየ ነው። መጋረጃ ሲሰፋ ጨርቁ ከዘንጉ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ይሁን፤ ካነሰ ሲዘጋ እንደ አንሶላ ይወጠራል።

ቀለም የምትመርጡበትን መብራትም አስቡ። ሱቆች ብዙውን ጊዜ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ነጭ አምፖል ያበራሉ፤ ቤታችሁ 3000 የሆነ ቢጫማ ከሆነ ግራጫ የመሰላችሁ ጨርቅ ቤት ገብቶ ቡናማ ይሆናል። የጨርቁን ቁራጭ ለምናችሁም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱና ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ እዩት።

በትዕዛዝ ስታሠሩ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህ በወረቀት ይስፈሩ፦ የቦርዱ ዓይነትና ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የማጠፊያው ብዛት፣ የመሳቢያው ሐዲድ ዓይነት፣ የጀርባው ቦርድ በቦይ ወይም በሚስማር፣ የስፖንጁ እፍጋት፣ የጨርቁ ስምና ቁጥር፣ የማስረከቢያ ቀን። «አንደኛ ደረጃ» የሚለው ቃል ብቻውን ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም። ሶፋው ከመሸፈኑ በፊት አጽሙን፣ ቁም ሳጥኑ ጀርባው ከመመታቱ በፊት ውስጡን ሄዳችሁ እዩ። ቀሪውን ክፍያ ደግሞ ቤት ውስጥ ተገጥሞ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ መሳቢያው ተስቦ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።